ኪስ ሲነጥፍ ወዴት ይኬዳል? ለሰመራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነስቶ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎግያ አድርጎ ሰመራ የሚደርሰው መንገድ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ባወጣ ቁጥር ከአዋሽና ከአካባቢው ብቻ ሳይሆን ከጎጃምም፣ ከወላይታም፣ ከአርሲም የተነሱ ተማሪዎች በዚሁ መንገድ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ። የብዙዎቹ ስንቅ ወላጅ ፍየል ሸጦ ወይም ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ የሰጣቸው ብር ነው። ብዙውን ጊዜ ከገና አያልፍም።

ይህን የምጽፈው ገንዘቡ ላለቀበት ወይም ሊያልቅበት ለተቃረበ ተማሪ ነው። ችግሩን ቶሎ፣ በቁጥርና ለሚመለከተው ክፍል የተናገረ ተማሪ ብዙ ጊዜ አንድ መላ ያገኛል። ሦስት ወር አፍኖት የቆየ ግን እርዳታው ሲደርስለት እንኳ ፈተና አምልጦታል፣ ዱቤ ተቆልሎበታል፣ ከክፍል መቅረትም ለምዷል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል አድርጉት፤ አንዱን ደረጃ ዘላችሁ ወደ ሌላው ብትሄዱ እንደገና መመለሳችሁ አይቀርም።

አንደኛ፦ ጉድለቱን በብር ጻፉት

ግማሽ ገጽ ወረቀት ይበቃል። በግራ በኩል ከዛሬ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ የግድ የሚወጣውን ጻፉ፦ ፎቶ ኮፒና ፕሪንት፣ ሳሙና፣ የሞባይል ካርድ፣ ሞዴስ፣ መድኃኒት፣ ወደ ቤት መመለሻ የመኪና ዋጋ። በቀኝ በኩል በእጃችሁ ያለውንና ይመጣል ብላችሁ የምታምኑትን አስፍሩ። ልዩነቱ ጉድለታችሁ ነው። “ተቸግሬያለሁ” ያለ ተማሪ ሰሚውን ያሳዝነዋል እንጂ ምን ላድርግ የሚለውን አይመልስለትም። “እስከ ሰኔ 1800 ብር ይጎድለኛል፤ ከዚህ ውስጥ 600 ብሩ የመድኃኒት ነው” ያለ ግን ሰሚውን ወደ ሥራ ያስገባዋል።

ሰመራ ላይ ከደጋ ግቢዎች የተለየ አንድ ወጪ አለ፤ እሱም ውኃ ነው። በሞቃቶቹ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ቀዝቃዛ የታሸገ ውኃና ጭማቂ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መግዛት ይመጣል፤ በወር ሲደመር ከፎቶ ኮፒው ይበልጣል። ይህን ወጪ የሚቀንስ ዘዴ አለ። ጀሪካኑን በጆንያ ታለብሱታላችሁ፣ ጆንያውን ውኃ ታርከፈክፉበታላችሁ፣ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ታስቀምጡታላችሁ። እርጥበቱ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ስለሚሄድ ውስጡ ያለው ውኃ ይቀዘቅዛል። አንድ ዶርም አንድ ጀሪካን ቢያዘጋጅ ለስድስትም ለስምንትም ሰው ይሆናል።

ወረቀቱን ስትጨርሱ አንድ ነገር ለዩ። ገንዘቡ የዘገየ ነው ወይስ ጭራሽ የሌለ? ለዘገየ ገንዘብ ድልድይ የሚሆን አነስተኛ ብድር ወይም ዱቤ ይበቃዋል። ለሌለ ገንዘብ ግን ዱቤ መውሰድ ጉድጓዱን ማስፋት ስለሆነ በቀጥታ ወደ ድጋፍ ፍለጋ ሂዱ።

ሁለተኛ፦ መንግሥት የሚሸፍንላችሁን ጠንቅቃችሁ እወቁ

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበ መደበኛ ተማሪ የምግብና የመኝታ ወጪውን በወጪ መጋራት ውል ያገኛል። ሥርዓቱ መሠረቱ ደንብ ቁጥር 91/1995 ሲሆን ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ እየተሠራበት ነው። ኋላም በደንብ ቁጥር 154/2000 ተሻሽሏል። ተማሪው በየዓመቱ ውሉን ይፈርማል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ላይ በየወሩ እየተቆረጠ ይከፍላል። አሁን ከኪሳችሁ የሚወጣ ነገር ስለሌለ የውሉን ፊርማ አትፍሩት፤ ግን ቅጂውን አስቀምጡ፣ የተጻፈውን የብር መጠንም አንብቡ። ስትመረቁ ማስረጃችሁ ከዚህ ዕዳ ጋር የተያያዘ ይሆናል።

የምግቡ ነገር ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለአንድ ተማሪ በቀን 22 ብር የነበረው የምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ተደርጓል። ካፌ የሚበላ ተማሪ ይህን በምግብ ያገኘዋል፤ ነን ካፌ የሆነ ደግሞ በጥሬ ገንዘብ፣ በዚህ ስሌት በወር 3000 ብር ግድም። 3000 ብር በእጅ ሲገባ ብዙ ይመስላል። ሎግያ ወይም ሰመራ ከተማ ወጥታችሁ በቀን ሦስት ጊዜ የምትበሉበትን ዋጋ ግን አስሉና ከ100 ብር ጋር አስተያዩት። የተማሪው ካፌ ጤፉንም ዘይቱንም በጅምላ ነው የሚገዛው፤ ግለሰብ ተማሪ በዚያ ዋጋ ሊበላ አይችልም። ከዚያም በላይ የነን ካፌ ክፍያ አንዳንዴ ይዘገያል፤ የዘገየበት ሳምንት ደግሞ የሚበላ የለም። የገንዘብ ችግር ላለበት ተማሪ የኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፦ ካፌ ሁኑ። ነን ካፌ ሆናችሁ ከተቸገራችሁም የሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባ ሲመጣ ተመለሱ፤ ቀኑን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ካለፈ በኋላ መቀየር አስቸጋሪ ነው።

እዚህ ላይ ሳልናገረው የማላልፈው ነገር አለ። ነን ካፌ ሆነው ገንዘቡን ለእናታቸው ወይም ለታናናሾቻቸው የሚልኩ ተማሪዎች አሉ። በሻይና በዳቦ ይውላሉ፤ ማታ ዶርም ውስጥ “በልቻለሁ” ይላሉ። ይህ ከታላቅ ፍቅር የሚመጣ ነው፤ ማንም ሊወቅሳቸው አይገባም። ነገር ግን በዚያ ሙቀት ባዶ ሆድ የሚማር ሰው ይታመማል፣ ታሞም ይወድቃል፤ ከወደቀ ያ ቤተሰብ ያለውን ትልቁን ተስፋ ያጣል። እንዲህ እያደረጋችሁ ከሆነ የእናንተ ማመልከቻ ከሁሉም ቀድሞ መታየት ያለበት ነውና ወደሚቀጥለው ደረጃ ሂዱ።

ሕክምናን በተመለከተ፣ መጀመሪያ የግቢውን ክሊኒክ ተጠቀሙ። ሪፈር ከተጻፈላችሁ ዱብቲ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ ከመሄዳችሁ በፊት ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ክሊኒኩን ጠይቁ። ሪፈሩንና ደረሰኙን አትጣሉ፤ ለማመልከቻ ማስረጃ ይሆናችኋል።

ሦስተኛ፦ ማስረጃውን ከአገር ቤት አስጽፉ

ግቢ ውስጥ የሚሰጥ ድጋፍ ትንሽ ስለሆነ የሚሰጡት ሰዎች ማንን እንደሚያስቀድሙ ይቸገራሉ። የሚለየው ወረቀት ነው። ከወላጆቻችሁ ቀበሌ የኑሮ ሁኔታቸውን የሚገልጽ ማኅተም ያለው የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። በአርብቶ አደሩ አካባቢ ቀበሌው የሚጽፈው የጎሣ መሪው ካረጋገጡ በኋላ ሊሆን ስለሚችል አባት ወይም አጎት ቀድመው እንዲያነጋግሯቸው ንገሩ። ወላጅ የሞተበት የሞት የምስክር ወረቀት፣ አካል ጉዳት ያለበት የሕክምና ማስረጃ፣ የተፈናቀለ ደግሞ ከወረዳው የተጻፈ ደብዳቤ ያያይዝ።

መፈናቀል ለአዋሽ ልጆች የሩቅ ወሬ አይደለም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ከርሟል፤ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመዘገበው መጠኑ 5.8 ነበር። ብዙ ሺህ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። የከሰም ስኳር ፋብሪካም ሥራ አቋረጠ፤ በዚያ ደመወዝ ልጅ የሚያስተምር አባት ደመወዙ ሲቀር ሰመራ ያለው ልጁም የሚላክለት ተቋረጠ ማለት ነው። ወላጆቻችሁ ከዚህ አካባቢ ከሆኑ “አገር ሁሉ ያውቀዋል” ብላችሁ ማስረጃውን አትተዉት። ቢሮው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ስለ መንቀጥቀጡ ሰምቷል፤ የእናንተ ቤት መፍረሱን ግን በወረቀት ካልነገራችሁት አያውቅም።

ደብዳቤውን ሰው እስኪያመጣው አትጠብቁ። በስልክ ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም ይላክላችሁ፤ ማመልከቻውን በዚያ ጀምሩ፣ ዋናው ወረቀት በአውቶቡስ ይድረስ።

አራተኛ፦ ትክክለኛውን በር አንኳኩ

የመጀመሪያው በር የተማሪዎች አገልግሎት ዲን ጽሕፈት ቤት ነው። የዶርም፣ የካፌ፣ የድጋፍ ጉዳይ በዚያ ያልፋል። ሁለተኛው ለሴት ተማሪዎች የሥርዓተ ፆታ ክፍል ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ክፍል ለተቸገሩ ሴት ተማሪዎች የኪስ ገንዘብ፣ የንጽሕና መጠበቂያና የማጠናከሪያ ትምህርት የሚያመቻችበት አሠራር የተለመደ ነው። አካል ጉዳት ላለባቸው የልዩ ፍላጎት ድጋፍ ክፍል አለ። የተማሪዎች ኅብረት ደግሞ ገንዘብ ባይኖረውም ማን ዘንድ ምን እንዳለ ያውቃል፤ ሰው ብቻውን ሲሄድ የሚያመላልሰው ቢሮ ኅብረቱ አብሮት ሲሄድ ይሰማል። ከእነዚህ በፊት የዶርማችሁን ፕሮክተር ማነጋገር አትዘንጉ፤ ተማሪ ሲቸገር ቀድመው የሚያዩት እነሱ ናቸው፣ ምስክርም ይሆኗችኋል።

ማመልከቻው አጭር ይሁን። በዚህ መልክ ልትጽፉት ትችላላችሁ፦

ቀን ________
ለተማሪዎች አገልግሎት ዲን ጽሕፈት ቤት
ሰመራ
ጉዳዩ፦ የገንዘብ ድጋፍ ስለመጠየቅ
ስሜ ከዚህ በታች የተጠቀሰው አመልካች የ________ ትምህርት ክፍል የ2ኛ ዓመት ተማሪ ስሆን የመታወቂያ ቁጥሬ ________ ነው። ወላጆቼ በአዋሽ ፈንታሌ ወረዳ የሚኖሩ ሲሆን በመሬት መንቀጥቀጡ ምክንያት ከቀያቸው በመፈናቀላቸው ይልኩልኝ የነበረው ገንዘብ ተቋርጧል። እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ለመድኃኒት 600፣ ለፎቶ ኮፒ 500፣ ለንጽሕና ዕቃና ለትራንስፖርት 700፣ በድምሩ 1800 ብር የሚጎድለኝ በመሆኑ ጽሕፈት ቤቱ ድጋፍ እንዲያደርግልኝ፣ ይህ ባይቻል ወደሚመለከተው ክፍል እንዲመራልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከወረዳው የተጻፈልኝን ደብዳቤ 1 ገጽ አያይዣለሁ።
ከሰላምታ ጋር
ስም ________ ፊርማ ________ ስልክ ________

“ይህ ባይቻል ወደሚመለከተው ክፍል እንዲመራልኝ” የምትለዋን ሐረግ አትተዉ። የለም ለማለት የሚቸኩል ሰው ሊመራው የሚችልበት መንገድ ይሰጠዋል። ሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ በሌላው ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን አስጽፉበት። በሳምንቱ ተመለሱና ቁጥሩን ይዛችሁ ጠይቁ። ገቢ ቁጥር የሌለው ማመልከቻ ጠፋ ቢባል ማስረጃ የላችሁም።

አምስተኛ፦ ክበባትና የእምነት ማኅበራት

ቢሮው ወር ሲፈጅ ክበብ በሦስት ቀን ይደርሳል። የበጎ አድራጎት ክበብና የቀይ መስቀል ክበብ ከተማሪውና ከመምህራን ልብስ፣ ደብተር፣ ሳሙናና ጥቂት ብር ያሰባስባሉ። ሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓቸው ጋ ቢሄዱ፣ በተለይ በረመዳን ሰሞን ዘካና ሰደቃ ለተቸገረ ተማሪ ይደርሳል። ኦርቶዶክሳውያን በግቢ ጉባኤያቸው፣ ፕሮቴስታንቶችም በኅብረታቸው በኩል እንዲሁ። ስማችሁ በአደባባይ እንዳይጠራ ከፈለጋችሁ ለሰብሳቢው ለብቻው ንገሩት፤ ይህን የሚያውቁበት ሰዎች ናቸው። የሰጧችሁን መመለስ ከፈለጋችሁ ብር ሳይሆን ጉልበት ስጡ፦ ለፍሬሽ ተማሪዎች ማስጠናት፣ የተሰበሰበ ልብስ መለየት።

ስድስተኛ፦ ቤተሰብን መቼና እንዴት እንደምትጠይቁ

ከብት የሚያረባ ቤተሰብ ገንዘቡ እግር አለው፤ በወቅት ይመጣል፣ በወቅት ይሄዳል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ከርማ ሣር ይበቅላል፣ ፍየሉም ይሰባል፣ ዋጋ ያወጣል። ግንቦትና ሰኔ፣ አፋሮች ሐጋይ የሚሉት ጊዜ፣ ከብቱ የከሳበት ነው፤ ያን ጊዜ የሚሸጥ ፍየል ግማሽ ፍየል ነው። በሁለተኛው ሴሚስተር መጨረሻ የምትጠይቁት ገንዘብ ወላጆቻችሁን የሚያስከፍላቸው ከምትገምቱት በላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የሴሚስተሩን ፍላጎት ቀድማችሁ በመስከረም ንገሯቸው። ሌላው መልካም አጋጣሚ አረፋ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት 29 ላይ ውሏል፣ በየዓመቱም 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ይውላል። ከበዓሉ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት በግና ፍየል በአዋሽም በሚሌም ገበያ ይወደዳል፤ መሸጥ ግድ ከሆነ ያኔ ይሸጥ።

አፋር ከአፋር ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቆም ብሎ ዳጉ ይጠያየቃል፤ የዝናቡ፣ የከብቱ፣ የሰው ደኅንነት ወሬ ሳይዛነፍ ከሰው ወደ ሰው ይደርሳል። ችግራችሁን ለአንድ የጎሣ ታላቅ ወይም ለአጎት በትክክል ነግራችሁት ከሆነ ወሬው የሚረዳችሁ ሰው ጋ የሚደርስበት መንገድ አለ። የተነገረው ግን እውነት መሆን አለበት። “ዩኒቨርሲቲው 5000 ብር ክፈሉ አለ” ብሎ ያልተጠየቀ ክፍያ መፍጠር አንድ ጊዜ ሊሠራ ይችላል፤ ሲታወቅ ግን በሚቀጥለው ዓመት የሚማረው ታናሽ ወንድማችሁም አይታመንም።

ሰባተኛ፦ ትምህርቱን የማይነካ ሥራ

ሎግያ የገበያ ከተማ ናት፤ ከሰመራም ሩቅ አይደለችም። የመንግሥት ሠራተኞችና የነጋዴ ልጆች ቤት ድረስ የሚያስጠና ሰው ይፈልጋሉ፤ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና ሳይንስ የሚያስጠና ተማሪ ሥራ አያጣም። ክፍያውን በወር ሳይሆን በሳምንት ተስማሙ። ግቢ ውስጥ ታይፕ መምታት፣ ፀጉር መቁረጥ፣ ሹሩባ መሥራትም አለ። በሳምንት ከአሥር ሰዓት ያልበለጠ ቢሆን ጥሩ ነው፤ በፈተና ሰሞን ጭራሽ አትንኩት።

ስምንተኛ፦ መበደር ሲያስፈልግ

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የዶርም ዕቁብ፤ ስምንት ሰው በሳምንት 50 ብር ቢጥል ተራው የደረሰው 400 ብር ይይዛል፣ በጣም የቸገረው ቀድሞ እንዲወስድ መስማማት ይቻላል። ቀጥሎ ጓደኛ፤ መጠኑና የሚመለስበት ቀን በስልክ መልእክት ይጻፍ። ከዚያ የሱቅ ዱቤ፤ ባለሱቁ በሚጽፍበት ደብተር ላይ ድምሩን በየሳምንቱ ራሳችሁ እዩ፣ የራሳችሁንም ማስታወሻ ያዙ።

ቴሌብር መላን የመሰለ የሞባይል ብድር የመጨረሻው ነው። ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር የሚሰጠው ይህ ብድር ያለ መያዣ በደቂቃ ይደርሳል፤ ክፍያ ግን ይጨመርበታል፣ ቀኑ ካለፈም ይከብዳል። የሚመጣበት ቀን የታወቀ ገንዘብ ከሌላችሁ አትውሰዱት። ወለድ ለማይፈልግ ተማሪ ዕቁቡና ጀመዓው ይሻሉታል።

ከእነዚህ ውጭ ያሉትን ሽሹ። የስፖርት ውርርድ የገንዘብ ችግር ያለበትን ተማሪ ነው የሚያጠምደው፤ የመጀመሪያ ማሸነፉ ማጥመጃ ነው። “አንድ ሰው አስገባ፣ በወር እጥፍ ታገኛለህ” የሚል ሥራ ሥራ አይደለም። “ሽልማት ደርሶዎታል፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩን” ብሎ ለሚደውል አትመልሱ። ለሴት ተማሪዎች ደግሞ በግልጽ ልናገር፦ “እኔ ሁሉን እችላለሁ፣ ለማንም አትንገሪ” እያለ ብር የሚሰጥ ሰው፣ መምህርም ይሁን ነጋዴ፣ ብሩን በነፃ አይሰጥም። በዚያው ቀን ለሥርዓተ ፆታ ክፍል አሳውቂ፤ የወሰድሽው ገንዘብ ቢኖርም ዕዳሽ አይደለም፣ አፍሽንም ሊያዘጋው አይገባም።

ዘጠነኛ፦ ሁሉም ካልሆነ

ሁሉንም ሞክራችሁ መቀጠል ካልተቻለ ዝም ብሎ መሄድ ትልቁ ጉዳት ነው። በየዓመቱ ለፈተና ሳይቀመጡ፣ ለማንም ሳይነግሩ ሻንጣቸውን ይዘው የሚሄዱ አሉ፤ መዝገባቸው ላይ ኤፍ ይሞላል፣ ሲመለሱ በር ይዘጋባቸዋል። ትክክለኛው መንገድ ለትምህርት ክፍላችሁና ለሬጅስትራር አመልክቶ ዊዝድሮዋል (የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ) መሙላት ነው። የገንዘብ ችግሩን ምክንያት አድርጋችሁ ጻፉ፣ ማስረጃውን አያይዙ፣ ክሊራንስ ጨርሱ፣ መልሶ ቅበላ የሚጠየቅበትን ጊዜ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቅጂውን ለወላጆቻችሁ አስቀምጡ። እንዲህ ያደረገ ተማሪ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ መማር ይችላል።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ የዶርም ጓደኛችሁ ሰሞኑን ሻንጣውን ሲሰበስብ ካያችሁ ወደ ሎግያ አውቶቡስ ከመሄዱ በፊት እጁን ይዛችሁ ሬጅስትራር ድረስ አድርሱት።